ማዶው የሚታይበት መርከብ

ባለፈው እሑድ ልጄ መቅደስ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ለንደን፣ ኤድመንተን ያለው ቤታችን መጣች። ምሳ ከተበላ በኋላ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። በሰመር ልጆቹን ይዘው፣ መኪናቸውን እየነዱ ፈረንሳይ ሊወርዱ አስበዋል። የቀራቸው ባሕሩን በምን እንደሚሻገሩ መምረጥ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ከባሕሩ ሥር በታነሉ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። ፌሪው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል» አለችኝ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ።

«ደቂቃውን ማን ጠየቀሽ?»

«ኮምፔር እያደረግሁ ነዋ!»

«ዋጋና ደቂቃ ማንም ኮምፔር ያደርጋል። ባሕር እንደዚያ አይመረጥም።»

ባሏ ፈገግ አለ። ትልቁ የልጅ ልጄ «ሂር ዊ ጎ፤ ጀመረ ደግሞ» ብሎ ትራሱን ፊቱ ላይ ደፋ። ባለቤቴ ጽጌ ከወጥ ቤት ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ተዋቸው እንጂ! በፈለጉት ይሂዱ!» አለች። እኔ ግን ጀምሬያለሁ። በዚህ ከተማ ካለነው ሐበሾች መካከል ባሕር መምረጥ ከተባለ ከእኔ የሚቀድም የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ደግሞስ የሚያኮራ ሥራ የሠራ ሰው ቢኮራ ምን ክፋት አለው?

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። የቀረውን ራሴ ለራሴ አስተማርኩ፤ አስተማሪውም ጎበዝ ነበር፣ ተማሪውም ጎበዝ ነበር። መኪና መጠገን፣ ካርታ ማንበብ፣ ፎርም መሙላት፣ ሁሉንም ማንም ሳያሳየኝ ነው ያወቅሁት። እንግሊዝኛን ያስተማረኝ ራዲዮ ነው። በዚያ ዘመን ጧት ጧት መሀል ከተማ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ቀን ደግሞ ሚኒካብ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ እነዳለሁ። ለጽዳቱ ስነሣ ራዲዮው ለመርከበኞች የባሕሩን ትንበያ ያነብባል። አንድ ድምፀ መልካም ሰውዬ የባሕሩን ክፍል በየስሙ ይጠራል፦ ቴምዝ፣ ዶቨር፣ ዋይት፣ ፖርትላንድ። ቀጥሎ ነፋሱን ይናገራል፤ ቀጥሎ ዝናቡን፤ በመጨረሻ ዓይን ምን ያህል ርቆ እንደሚያይ። «ጉድ» ካለ ሩቅ ይታያል። «ፑር» ካለ ጭጋግ ነው። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከኋላው እየተከተልኩ እደግማለሁ። ከእንግሊዝ ጠረፍ ውሃ አንድ ጭልፋ ሳልነካ ጠባዩን በቃሌ አወቅሁት። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ሚኒካብ የምንነዳ ልጆች የምንሰበሰብበት ሻይ ቤት ነበር፤ እዚያ ስገባ «ካፒቴኑ መጣ!» ይሉኛል። ለማሾፍ ነበር። ኋላ ግን ማሾፉ ቀረና ስሙ ብቻውን ጸና።

የዚያን ጊዜዋ ለንደን ዛሬ የለችም። በዚያች ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ በሳንቲም ጠጥተህ ቀኑን ሙሉ ብትቀመጥ የሚያስነሣህ አልነበረም። ዛሬ እዚያው ጥግ ላይ ቡና በወተት የሚሸጥበትን ዋጋ ሳይ ዓይኔን አላምንም። ሰቨን ሲስተርስ ከባቡር ጣቢያው ወጣ ስትል አንድ የቆጵሮስ ሰው ሱቅ ነበር፤ በርበሬያችንን፣ ምስራችንን፣ አብሻችንን ሁሉ ስሙን ሳያውቅ በጣታችን እያሳየነው ይሸጥልን ነበር። ካሴት ደግሞ ከሰው ሰው ነው የሚገለበጠው። ሲገለበጥ፣ ሲገለበጥ እኛ ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ከውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስል ነበር፤ ቢሆንም እናለቅስበታለን። እኔ ያን ጊዜ ኮሌታው ሰፊ የሆነ ግራጫ ሱፍ ነበረኝ። ከሰልባጅ ልብስ ሱቅ ገዝቼ ራሴ በእጄ ያጠበብኩት ነው፤ ስለብሰው ሰው ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። መኪናዬም ወይን ጠጅ ቀለም ያላት፣ ኋላዋ ረዘም ያለ ስቴሽን ዋገን ነበረች። ሞተሯን በሁለት እጄ ፈትቼ ገጥሜያታለሁ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው «እገሌ ስፔን ሄደ፣ እገሊት ፈረንሳይ ሄደች፣ እኛስ?» ይሉኛል። «እኛም እንሄዳለን፤ በራሳችን መኪና» እላቸዋለሁ።

የምንሄድበት ቀን የተቆረጠው በስልክ ነው። የጽጌ ታናሽ እኅት ሶስና ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አጠገብ ትኖራለች። ሴት ልጅ ወለደችና ደወለች። «እትዬ፣ ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» አለቻት። «በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ ቀኑ እሑድ ይውላል፤ ካልመጣሽ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው፤ ቀኑ አይጠብቀኝም።» ጽጌ ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ደስታ ነው ብዬ ነበር። አልነበረም።

ጽጌና ሶስና ከአገር የወጡት በአንዲት የእንጨት ጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ነው። ሶስና ያን ጊዜ ጥርሷ ገና እየረገፈ ያለች ልጅ ነበረች። ኋላ አጎታቸው ትንሿን ጀርመን ወሰዳት፣ ትልቋን ለንደን ጣላት፤ ከዚያ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ስለዚያች ጀልባ ጽጌ ከ«በጀልባ ወጣን» ሌላ ነግራኝ አታውቅም። እኔ ግን ዓይን አለኝ። አውቶቡሱ ቴምዝን ሲሻገር ከመስኮቱ ፊቷን ታዞርና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሰላም ለኪዋን ትደግማለች። ልጆቹን ይዘን ወደ ወንዙ ዳር እንውረድ ስል ሁልጊዜ ጉልበቷን ያማታል። አውሮፕላን ለአራት ሰው በዚያ ዘመን እንደዛሬው የአውቶቡስ ዋጋ አልነበረም፤ እኛም የምንችለው አልነበረም። እንግዲህ ባሕሩ ሊመረጥ ነው። ካልተመረጠ የእኅቷን ልጅ ሌላ ሰው ያቅፋታል።

ሻይ ቤት ስናገር ሁሉም ካፒቴን ሆነ። ጓደኛዬ ግርማ፣ እንደኔው ሚኒካብ የሚነዳ፣ አፉ ግን ከመኪናው የሚፈጥን ሰው፣ «ምን ትጨነቃለህ? አሁን በተከፈተው ታነል ነዋ! ከነመኪናህ ባቡር ላይ ትወጣለህ፣ ሳታውቀው ፈረንሳይ ነህ» አለኝ። ማታ ለጽጌ ነገርኳት። «ከባሕሩ ሥር?» አለች። «አዎ፣ ከሥር።» «ከሞትኩ በኋላ ከሥር መግባቴ አይቀርም፤ አሁን ምን አስቸኮለኝ?» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ታነሉ በዚሁ ተዘጋ።

ያን ጊዜ ካርታዬን ዘረጋሁ። ሁለት ምርጫ ቀረ፦ ከዶቨር ወደ ካሌ አጭሩ፣ ከሃሪች ወደ ሆላንድ ረጅሙ። ማንም ሰው ለምትፈራ ሴት አጭሩን ይመርጣል። እኔ ማንም አይደለሁም። በሆላንድ ብንሄድ ከመርከብ ወርደን የምንነዳው መንገድ ያጥራል፤ መርከቡ ትልቅ ነው፤ ትልቅ መርከብ አያናውጥም፤ ቀን ሄዶ ቀን ይደርሳል። ሃሪች ነው ብዬ ቆረጥኩ፤ ሻይ ቤት ውስጥም ጠረጴዛ እየመታሁ አስረዳሁ። ግርማ ግን ጨረሰኝ። «ቆይ፣ የወንዱ ልጅህ ስም ማን ነው?» አለኝ። «ዮናስ።» «ዮናስ የሚባል ልጅ ይዘህ ነው መርከብ የምትሳፈረው? መርከበኞቹ ይህን ያውቃሉ?» ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ።

ለጽጌ ሃሪች ነው ስላት «እሺ» አለች። ያ «እሺ» አስፈራኝ። ጽጌ ባገባኋት ጊዜ እንኳ አንድ ቃል ሳትከራከር እሺ ብላ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ትቆነጥራለች እንጂ አትበላም። ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ቤት የሚከራይ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ያያል፤ በሬ የሚገዛ ጥርሱን ያያል። መርከቡንስ ሳናየው ለምን እንሳፈራለን? በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣን፣ እሷ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ እኔ ግራጫ ሱፌን ለብሼ፣ ልጆቹን ኋላ አስቀምጠን ሃሪች ወረድን። በር ላይ የሚጠብቀው ወፍራም ሽማግሌ እንግሊዝ አስቆመን።

«ትኬት?»

«የለንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

«መርከቡን ልናይ። ከወደድነው እንሳፈራለን።»

ሰውየው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሚስቴን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ ሱፌን አየ። «ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ስሠራ መርከብ ሊመርጥ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ።

«አሁን አየህ» አልኩት።

ሣቀና አጥሩ አጠገብ መኪናችንን እንድናቆም ፈቀደልን። መርከቡ ቆሟል። የሰቨን ሲስተርስ ፎቅ ሁሉ ተደርቦ ውሃ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። «አየሽ ጽጌ? ይሄ ጀልባ አይደለም፤ ይሄ ሰፈር ነው!» አልኳት። ከመኪናው አልወረደችም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ የምታየው መርከቡን አልነበረም፤ ከመርከቡ አልፎ ነው።

«ማዶው የታለ?» አለችኝ።

«ማዶው ሆላንድ ነው፤ ሩቅ ነው። ከዚህ አይታይም።»

«ምንም አይታይም?»

«ምንም።»

መስኮቱን ዘጋች። ወደ ኤድመንተን ተመለስን። እኔ ግን ጭንቅላቴ ዝም አላለም፤ መቼም ዝም ብሎ አያውቅም። ሌላ ባል ቢሆን «ሴት ፈሪ ናት» ብሎ ይተወዋል። እኔ እንደ ሞተር ፈታሁት። ቀዩ መብራት ላይ ቆመን ሳለ መሪውን በእጄ መታሁ። ይህች ሴት ማዕበል አልፈራችም፤ ርዝመትም፣ ጥልቀትም አልፈራችም። የምትፈራው ማዶ የሌለውን ውሃ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ማዶው የሚታይበት ባሕር ነው። ካርታው ላይ ከዶቨር በቀር እንዲህ ያለ የለም።

ሳምንቱን ጠብቄ ዶቨር ወሰድኳቸው። ነጩ ገደል አናት ላይ፣ ውሻ ይዘው በሚንሸራሸሩ ሰዎች መካከል ወጣን። ሰማዩ ታጥቧል። ጽጌ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ ቆመች።

«ያ ምንድን ነው?»

«ፈረንሳይ።»

«አትቀልድ ወልዴ።»

«ሙች እልሻለሁ፣ ፈረንሳይ ነው። እይ፣ ቤቱ ነጭ ነጭ እያለ ይታያል።»

ብዙ ቆማ አየች። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና ከያዝነው ዳቦ ቆርሳ፣ በአዋዜ አጥቅሳ በላች። ደግማ ቆረሰች። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት ዛሬ ድረስ በማንም ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ግርማ ሲሰማ ግን፣ «ሃሪች ነው ብለህ ጠረጴዛ ስትመታ አልነበር?» አለኝ። «የተማረ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል» አልኩት። «አንተ ደግሞ የት ተማርክ?» «ቤቴ!»

አሁን የቀረው ቀኑን መምረጥ ነው። ማዶው የሚታየው ሰማዩ ሲጠራ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን እንደዛሬው በስልክ ቡክ ማድረግ የለም፤ ወደቡ ድረስ ሄደህ፣ መስኮት ላይ ከፍለህ፣ በሚቀጥለው መርከብ ትሳፈራለህ። ልጆቹ ትምህርት እንደዘጉ መኪናዋን ጫንኩ። ጀርመን መሄዳችን ስለተሰማ ከቶተናም እስከ ካሌዶኒያን ሮድ ያለ ሐበሻ ለወንድሙ፣ ለእጮኛው አደራ ያለውን አምጥቷል፤ ሽሮ፣ ጥበብ ቀሚስ፣ የሰርግ ፎቶ፣ አንዲት ሴትዮ እንኳ ትልቅ ዣንጥላ ልካ ነበር። ረቡዕ ጧት ራዲዮውን ከፈትኩ፤ ዶቨር፣ «ፑር»። ሐሙስም «ፑር»። ሶስና ደወለች፤ «እትዬ የት ደረሳችሁ?» ጽጌ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። «እየተነሣን ነው» አልኳት። ግርማ መጥቶ በራፌ ላይ፣ «ነፋስ እኮ የለም፤ ምን ትጠብቃለህ? እሑድ ልጅቷን ጎረቤት ሲያቅፋት ልትደርስ ነው?» አለኝ። «ነፋሱን አንተ አዳምጥ፤ እኔ የማዳምጠው ሌላ ነው» አልኩት። አፌ ደፋር ነበር፤ ሌሊቱን ግን ደጋግሜ እየተነሣሁ ሰማዩን በመስኮት አይ ነበር። ዓርብ ካልሆነ አበቃ።

ዓርብ ጧት ያ ድምፀ መልካም ሰውዬ ጀመረ። ቴምዝን አለፈ። ዶቨር ላይ ሲደርስ ነፋሱ ጠንካራ ነው አለ፤ አልፎ አልፎ ዝናብ አለ፤ ቀጥሎ «ጉድ» አለ። «ተነሡ!» ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ከላይ ያለውን ጎረቤታችንን ወለሉን በእንጨት አስደበደበው።

መርከቡ ላይ ልጆቹ ውስጥ መስኮት አጠገብ እንቀመጥ አሉ። እምቢ አልኩ። ሁሉንም ከፊት ለፊት፣ ውጭ፣ የብረት መከለያው ጋ አቆምኳቸው። ነፋሱ ነጠላዋን እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል። መቅደስ፣ ያቺ ዛሬ ደቂቃ የምትቆጥረው፣ ፌስታል ይዛ ጎንበስ ብላለች። ጽጌ ግን መርፌ ውስጥ ክር እንደሚያስገባ ሰው ዓይኗን ማዶው ላይ ተክላ፣ አንድ እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ ቆማለች። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ከቀኝ በኩል ዝናብ እንደ መጋረጃ መጣና ፈረንሳይን ሸፈናት። ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ነጩ ገደልም የለም። በዙሪያችን ግራጫ ውሃ ብቻ ቀረ። ጥፍሯ በሱፌ አልፎ ሥጋዬ ሲገባ ተሰማኝ። ዝናቡ እንደሚያልፍ ራዲዮው ነግሮኛል፤ አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን ማዶውን ይፈልግ ጀመር። ዮናስ ቀሚሷን ጎተተና፣ «እማዬ፣ ፈረንሳይ የት ሄደች?» አላት።

ጽጌ ጎንበስ ብላ አነሣችው። «የትም አልሄደችም። እዚያው ናት» አለችው። «እኔ ይታየኛል።»

ከዚያ እኔን ሳታየኝ ተናገረች። «ሶስና ሌሊቱን ሙሉ ስትጠይቀኝ ነበር። ‹እትዬ፣ ማዶው ይታይሻል?› ትለኛለች። ‹ይታየኛል› እላታለሁ። ‹ቤት አለው?› ‹አለው።› ‹መብራት አለው?› ‹አለው።› ምንም አልነበረም ወልዴ። አንድም ነገር አይታየኝም ነበር። እሷ ግን አምናኝ ተኛች።»

 ክንዷን ይዤ ቆምኩ። ዝናቡ ራሳችንን አርሶ አለፈ። ፈረንሳይ ተመልሳ ስትመጣ ቀርባ፣ ጣሪያዋም መስኮቷም አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ መጣች። ጽጌ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «ይህን ያህል ቅርብ ነበር እንዴ?» አለች። «ለዚህ ነዋ የመረጥኩልሽ!» አልኳት። እሷም ሣቀች፤ ውሃ ላይ ሆና ሣቀች።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለመቅደስ ስነግራት፣ ጽጌ ከወጥ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማ፣ «ነፋሱን ደግሞ በየዓመቱ ይጨምርበታል» አለች። መቅደስ ታነሉን ቡክ አደረገች። ይቅናት። ቀላሉን ብትመርጥ አልቀየማትም፤ ከሥርም ይሁን ከላይ፣ የምትፈራው ነገር የላትም። እሱም የእኔ ሥራ ነው።

ያን ጊዜ ከመርከቡ በወረድን በማግስቱ፣ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ፣ በቀኝ መንዳትን እዚያው መንገድ ላይ ራሴን እያስተማርኩ፣ አንድም ጊዜ ሳልሳሳት ሶስና በር ደረስን። ሁለቱ እኅትማማቾች ደረጃው ላይ ሲተቃቀፉ ያለውን አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው። በማግስቱ፣ ሐበሾቹ ከጀርመኖች በተከራዩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ቄሱ «ክርስትና እናቷ ትቅረብ» አሉ። ጽጌ ወጣች። ሶስና ሕፃኗን አሳቀፈቻት። ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ስትክድ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ሃይማኖቷን ስትመሰክር ድምጿ ኋላ ድረስ ይሰማ ነበር።  አጠገቤ የቆመ የማላውቀው ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እኅቷ ናት አሉ፤ ከየት ነው የመጣችው?» አለኝ።

«ከለንደን።»

«በአውሮፕላን?»

«በባሕር!» አልኩት።

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰል፣ ቄሱ ንባባቸውን አቋርጠው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ሰው ሁሉ ዞረ። ጽጌም ሕፃኗን እንዳቀፈች ዞራ አየችኝ። ያፈርኩ እንዳይመስላችሁ። ኮሌታዬን አስተካክዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ለሚሰማኝ ሁሉ፣ «ሚስቴ ናት» አልኩ።